ጎርጎራ ላይ ጀልባ ኮንትራት ለምትይዙ

ከጎንደር ወርደን ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ላይ የግል ጀልባ ከነካፒቴኑና ከነረዳቱ ለቤተሰብ ኮንትራት ያዝን። ቪዲዮ ላይ የምናየው መኝታ ቤት ያለው ያችት የሚጠብቅ ካለ ይቅርበት፣ ጥላ ያላት የሞተር ጀልባ ናት፣ ሰርቪሱ ግን አሪፍ ነበር። ካፒቴኑ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል በጠዋት ካልሆነ አልወጣም ብሎ ድርቅ አለ፣ አማቴ በሌሊት ቀስቅሶን ብለው ሲያጉረመርሙ እሱ ወይ ፍንክች፣ ስንመለስ ማዕበሉን ሲያዩ ግን ራሳቸው መረቁት።

ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አየን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሰሯት ናት፣ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ቆሜ አይቼ አልጠግብ አልኩ። ረዳቱ ዳር ላይ ቆሮሶ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ጠብሶ በሎሚና በሚጥሚጣ አቀረበልን፣ ሬስቶራንት እንዲህ አይሰራም ምን አለ በሉኝ።

ያናደደኝ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ የአፄ ፋሲል አፅም ያለበት ገዳም ስለሆነ ወንዶቹ ገቡ፣ ሴት ስለማይገባ እኔና አማቴ ጀልባ ላይ ቀረን፣ እሱስ ሥርዓቱ ነው ምንም አይባልም፣ ግን ለቆምንበት ሰዓት የመጠበቂያ ተብሎ ሂሳብ ተጨመረብን፣ ስንዋዋል ያነሳው የለም እኮ! ነዳጁን፣ መጠበቂያውን፣ የገዳም መግቢያውን ማን እንደሚከፍል ሳትስማሙ ቀብድ እንዳትሰጡ። ላይፍ ጃኬት ለአዋቂ በሽ ነው፣ የልጅ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ማሰሪያው ተበጥሶ ረዳቱ ለልጃችን በሲባጎ ነው ያሰረላት። ጀልባዋ ሽንት ቤት የላትም፣ ጠዋት ቡናውን ቀነስ አድርጉ።