ፓምፑን አመሰግናለሁ፣ ምድጃውን ግን አስተካክሉ

አዳማ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያሠራሁትን የቢራ መጥመቂያ ከክረምቱ ጀምሮ እየተጠቀምኩበት ነው። ባለ 60 ሊትር ሦስት የማይዝግ ብረት ድስቶች፣ ሁለት የጋዝ ምድጃዎች፣ አንድ ፓምፕና ይህን ሁሉ የሚሸከም የብረት መቆሚያ አለው። በአንድ ጠመቃ 40 ሊትር ያህል ቢራ ይወጣዋል። የሥራ ዘመኔን በስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት ክፍል ስላሳለፍኩ ቧንቧና ቫልቭ በተሳሳተ ቦታ ተገጥሞ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ይህን ዕቃ ለማሠራት ያሰበ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ለምን በጋዝ? 50 ሊትር ውሃን ከ25 ዲግሪ ተነስቶ ለማፍላት 14 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። 2 ኪሎዋት የሚስብ የቤት ምድጃ ምንም ሙቀት ባይባክንበት እንኳ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥራው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ፓምፑም በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን የሚስበው ከ100 ዋት ስለማይበልጥ አንድ ባትሪና ኢንቨርተር ያንቀሳቅሰዋል።

አሁን ወደ ፓምፑ፤ ገንዘቤን ያስረሳኝ እርሱ ነው። የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ በ66 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በዚያ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከ70 ካለፈ ይህን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ዋነኛው ፈጥኖ ይበላሻል፤ በጣም ከወረደ ደግሞ ሥራው ይጓተታል። በማማሰያ እያማሰሉ፣ እሳት እየጨመሩና እየቀነሱ ይህን ሙቀት ለመጠበቅ የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። በዚህ መጥመቂያ ግን ፓምፑ ጭማቂውን ከዝፍዝፉ ሥር ይስባል፣ በሙቅ ውሃው ድስት ውስጥ በተጠመጠመ የመዳብ ቱቦ ያሳልፋል፣ ከዚያም መልሶ ከብቅሉ አናት ላይ ያፈስሰዋል። እሳቱ የሚነካው ውሃውን ብቻ ስለሆነ ጭማቂው አያርርም። የብቅሉ ገለባም ወንፊት ሆኖ ያጠራዋል፤ መጀመሪያ ደፍርሶ የወጣው ቀስ በቀስ እየጠራ ሲመጣ ማየት ያስደስተኛል።

የፓምፑ አሠራር ራሱ ብልሃት አለበት። ሞተሩና የሚሽከረከረው ክንፍ በዘንግ አልተያያዙም። በመካከላቸው ግድግዳ አለ፤ አንዱ ሌላውን የሚያዞረው በማግኔት ነው። ስለዚህ አልቆ የሚያንጠባጥብ የዘንግ ማሸጊያ የለውም፣ የሞተር ቅባትም ወደ ቢራው የሚገባበት መንገድ የለም። ደካማ ጎኑ አየር ገብቶበት ፈሳሽ መሳብ አለመቻሉ ነው። ከድስቶቹ በታች ተቀምጦ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወርዶ ሊሞላው ይገባል። ባዶውን ማዞር ያበላሸዋል።

ሥራ ቤቱ ግን የፍሰት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ከፓምፑ በፊት ገጥሞ አስረከበኝ። ይህ በየትኛውም ቦታ ስህተት ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመፍላት የተቃረበን ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ ስትስቡት ግፊቱ ይወርድና እዚያው ፓምፑ ውስጥ ይፈላል። ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል፣ ፍሰቱም ይቋረጣል። ወደ ፓምፑ የሚገባው መስመር ሰፊና ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ ፍሰት የሚቀነሰው ከፓምፑ በኋላ ባለው ቫልቭ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ስነግራቸው ያለ ክርክር ቀየሩልኝ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

በምድጃዎቹ ላይ ግን ብዙ ተነጋግረናል። ሲመጡ ነበልባላቸው ቢጫ ነበር፤ የድስቶቹን ቂጥ በጥቀርሻ አለበሱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ምድጃ በተለመደው የጋዝ ቀዳዳው ሲነድ የሚበቃው አየር አያገኝም። ጋዙ ሳይነድ ይባክናል፣ ከዚያም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ጋዙን የሚረጨው ቀዳዳ ጠበብ፣ የአየር መግቢያው ሰፋ ሲል ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ድስቱም ቶሎ መፍላት ጀመረ። ይህ ለገዢው የሚተው ሥራ አልነበረም። አዳማ ውስጥ ሠርቶ ለአዳማ ሰው የሚሸጥ ባለሙያ ከማስረከቡ በፊት ምድጃውን አንድዶ ነበልባሉን ማየት ነበረበት።

ጋዙን በተመለከተ የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። መጥመቂያው የሚቆመው ደጅ፣ ከላይ ብቻ የተሸፈነ ቦታ ላይ ነው፤ በር ከፍቶ ክፍል ውስጥ ማንደድ አይበቃም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተኝቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ወይም ምድር ቤት አጠገብ አይቀመጥ። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ሳልፈትሽ ክብሪት አልጭርም።

ብየዳው ከውጭ ያማረ ነው። ከውስጥ ግን አንዱ ድስት ላይ የጠቆረ መስመር ትተውበት ነበር። ብየዳ ያጠቆረው የማይዝግ ብረት ካልጸዳ ይዝጋል። ስለዚህ ስትረከቡ ባትሪ አብርታችሁ የድስቱን ውስጥ እዩ።

ብቅሉን የማመጣው ከአሰላ ነው። ወፍጮ ቤት ስታስፈጩ ዱቄት እንዳያደርጉት አጥብቃችሁ ንገሩ፤ እንደ ቅንጬ መሰበር ብቻ ነው ያለበት። ዱቄት ከሆነ እንደ ጭቃ ይጠቀጠቅና ፓምፑ የሚስበው ያጣል። ሆፕ የተባለውን የቢራ ጌሾ በተመለከተ፣ መራራነቱ በ94 ዲግሪ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ 60 ደቂቃ አፍሉ የሚለውን መመሪያ እኔ 90 አደርገዋለሁ። ለጠላ ብላችሁ ግን ይህን ዕቃ አታሠሩ። እንኩሮውና ጌሾው ያለበት ድፍድፍ በፓምፕ አያልፍም፤ ጋኑን በወይራ ማጠንንም የሚተካ ማሽን የለም።

ማቀዝቀዙ ገና አልተሟላም። ከፈላ በኋላ እርሾ የሚጨመረው ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ነው። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ግን በአዳማ ፀሐይ ሞቆ ስለሚመጣ እዚያ አያደርስም። እኔ የሙቅ ውሃውን ድስት ባዶ አድርጌ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ እሞላበታለሁ፤ የፈላውን ጭማቂ በዚያው የመዳብ ቱቦ ውስጥ አሳልፋለሁ። ይሠራል፤ በረዶው ግን ብዙ ነው፣ ቀኑ ሲሞቅም ቶሎ ያልቃል። ለማቀዝቀዣ ብቻ የሚሆን ሌላ ቱቦ በትእዛዙ ላይ አስጨምሩ፤ መቆሚያው ላይ ቦታ አለው።