የኦርኬስትራ መሪነት ወይስ ሶሎ ተጫዋችነት?

ሶሎ ተጫዋች፣ ማለትም ብቻውን ጎልቶ የሚጫወት ሙዚቀኛ የሚሆን ሰው ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ይታወቃል። ፒያኒስቱ ዳንኤል ባረንቦይም እ.ኤ.አ. በ1950 ቦነስ አይረስ ውስጥ የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ገና 7 ዓመቱ ነበር። መሪነት ግን እንዲህ ቶሎ አይያዝም። ፒያኒስት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ መለማመድ ይችላል። መሪ የሚለማመደው ሰው ፊት ነው፤ ሙዚቀኞቹ ካልተሰበሰቡ መሣሪያም የለው።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሰውነት ላይ ነው። የሶሎ ተጫዋች እንጀራ ጣቶቹ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1964፣ ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታዘዝ አሉት። ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን መጫወት ያዘ። ማስተማሩን ቀጠለ፤ ኦርኬስትራ መምራትም ጀመረ። በሁለት እጁ በደንብ ወደ መጫወት የተመለሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

መሪን ግን ዕድሜ ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 የተወለደው ኸርበርት ብሎምስቴት 95 ካለፈው በኋላም ወንበር ላይ ተቀምጦ ትልልቅ ኦርኬስትራዎችን መርቷል።

ነፃነት ከተባለ ሶሎ ተጫዋች ይሻላል። የሚወደውን ኮንቸርቶ (ሶሎ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ) ይዞ ይመጣል፣ ተጫውቶ ይሄዳል። ዋና የሙዚቃ ዳይሬክተር የሆነ መሪ የዓመቱን ፕሮግራም፣ የሙዚቀኛ ቅጥርና የለጋሾች ስብሰባ ይጠብቀዋል።

ምክር የሚጠይቀኝ ወጣት ካለ፣ መጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ ያዝ እለዋለሁ። በኋላ መሪ የሆኑት ባረንቦይምም ሆነ ቭላድሚር አሽኬናዚ ስማቸው የተሰማው መጀመሪያ በፒያኖ ነው።