ከባድ ሰንጢ ስትገዙ እጀታውን እዩ፦ ድሬ ገበያ ላይ የቱ ይበረክታል?

ሰንጢ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚፈትሸው ስለቱን ነው። በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፣ ወረቀት ይቆርጥበታል፣ ዋጋ ይከራከርና ኪሱ ከቶት ይሄዳል። ስለት ቢዶለዱም ድንጋይ ላይ ይሳላል። እጀታ ሲሰነጠቅ ግን የተዘረጋው ስለት እንዳይታጠፍ የሚይዘው ቁልፍም አብሮት ይላላል፤ ያኔ ሰንጢው የሚቆርጠው ገመዱን ይሁን ጣትን አይታወቅም። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው መያዣውን ነው፤ ከፊራ ገበያ ሙሉ ቀን ማዳበሪያ ለሚቀድ፣ ታይዋን ገበያ ካርቶን ለሚከፍት፣ ወደ ጅቡቲ በሚመላለስ መኪና ላይ ሸራና ገመድ ለሚያስር፣ ፍየል ለሚገፍ ሰው የሚሆነውን።

ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ገንዘብ ካለ ጂ-10 (ከፋይበር ግላስና ከሙጫ የተጋገረ ሰሌዳ)፣ ያውም ብረት ላሜራ ላይ የታሰረ። ካነሰ በፋይበር የተጠናከረ ናይለን። እንጨት ለሚንከባከበው ሰው ብቻ። ጎማ የለበሰውንና ብረት እንዲመስል የተቀባውን ፕላስቲክ በነጻ ቢሰጧችሁም አትመኩበት።

ከቁሱ በፊት ግን ከሥሩ ያለውን ማየት ይቀድማል። የታጣፊ ሰንጢ እጀታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ አይደለም። ግራና ቀኝ ሁለት ልባጦች በሁለት ቀጫጭን ላሜራዎች ላይ በብሎን ወይም በሪቬት ይታሰራሉ። ጫናውን የሚሸከመው ላሜራው ነው፤ ልባጡ እጅን ይሞላል እንጂ ብቻውን አያዋጣም። ሰንጢውን ዘርግታችሁ በጀርባው በኩል ወደ ውስጥ ስታዩ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያብለጨልጩ የብረት መስመሮች ከታዩ ጥሩ ነው። ውፍረታቸው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነና ስለቱን የሚደግፈው ቁልፍም ከዚያው ላሜራ ተቆርጦ የታጠፈ ከሆነ፣ በኃይል ስትጫኑት ቁልፉ ይንሸራተታል። የብሎኑ ጥርስ የሚነክሰው ፕላስቲኩን ነው ወይስ ብረቱን የሚለውም መታየት አለበት። ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ብሎን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈታና ሲጠብቅ ጥርሱን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ የለም።

ጂ-10 የፋይበር ግላስ ጨርቅ ተደራርቦ፣ በኢፖክሲ ተነክሮ፣ በሙቀትና በጫና የተጋገረ ሰሌዳ ነው። ለቢላ ተብሎ አልተፈጠረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ለኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ታይዋን ስልክ የሚጠግኑት ልጆች ጠረጴዛ ላይ የተበተነው አረንጓዴ ቦርድ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ያኛው እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ ነገር ተጨምሮበታል እንጂ አሠራራቸው አንድ ነው። ለድሬ የሚስማማው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ላብ፣ ደም፣ ዘይትና ውሃ አይጠጣም፣ በሙቀት አይለሰልስም፣ በድርቀት አይኮማተርም። አንዴ ከተጋገረ በኋላ መልሶ አይቀልጥም። ላዩ ሸካራ ተደርጎ ስለሚጨረስ በላብ የረጠበ እጅ እንኳ አጥብቆ ይይዘዋል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሲሚንቶ ላይ በማዕዘኑ ከወደቀ ጫፉ ይሸረፋል። ሸካራነቱ ደግሞ የሱሪ ኪስ ይበላል፤ በተለይ የኪስ መቆንጠጫው ጫፍ እጀታውን በሚነካበት ቦታ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መቆንጠጫውን ፍቱና ጫፉ የሚያርፍበትን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቦታ ብቻ በ400 ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ አለስልሱት። ሳይረጥብና ያለ ማስክ አትሞርዱት፤ ብናኙ የብርጭቆ ብናኝ ነው፣ ለሳንባ አይበጅም። ሙሉ እጀታውን ማለስለስ ደግሞ የገዛችሁትን ጥቅም መልሶ መጣል ነው።

ትልቁ ችግር ግን ጂ-10 ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጂ-10 አለመሆኑ ነው። በቅርጽ የፈሰሰ ጥቁር ፕላስቲክ ከሩቅ ቁርጥ እሱን ይመስላል። መለያው ጠርዙ ላይ ነው። እውነተኛው ከሰሌዳ በማሽን ተቆርጦ ስለሚወጣ፣ ጠርዙ በተከረከመበት ቦታ የጨርቁ ንብርብር በስስ መስመሮች ይታያል። ባለሁለት ቀለሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ጥቁሩ ላይ በውሃ አርጥባችሁ ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ሐሰተኛው ግን በመሃሉ የቅርጽ መጋጠሚያ ስስ መስመር ይኖረዋል፤ ልባጡ ከተፈታ ደግሞ ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ክብ ጠባሳ ይታያል። የመጨረሻው ፈተና የጋለ መርፌ ነው። ከመቆንጠጫው ሥር፣ የማይታይ ቦታ ላይ ነካ አድርጉት፦ ፕላስቲክ ከሆነ መርፌው ይሰምጣል፣ ጂ-10 ከሆነ ይጠቁርና ይሸታል እንጂ አይቀልጥም። ነጋዴው ፊት ይህን ማድረግ ጠብ ማንሳት ስለሆነ፣ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ አድርጉት፤ ቢያንስ በሚቀጥለው ጊዜ ወደየትኛው ሱቅ እንደማትመለሱ ታውቃላችሁ።

ናይለኑ ጂ-10 ነው ተብሎ እስካልተሸጠ ድረስ የሚናቅ አይደለም። ውስጡ አጫጭር የብርጭቆ ክሮች የተቀላቀሉበት ናይለን፣ ዚቴል በሚለው የንግድ ስሙም ይታወቃል፣ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከመኪና ላይ ቢወድቅም እንደ ጂ-10 አይሸረፍም። ድክመቱ መተጣጠፉ ነው። ላሜራ ከሌለው፣ ሳጥን ሊፈለቅቅ የተጫነ እጅ እጀታውን ሲጠመዝዘው ይታያል፣ ስለቱም መሃል ለመሃል መቀመጡን ያቆማል። ባትሪ የሚነካኩ ሾፌሮችና ረዳቶች ደግሞ ሌላም ነገር ይወቁ፦ የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላል። አሲድ ከነካው ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ከተራው ፕላስቲክ ለመለየት ላዩን እዩ። ክር ያለው ናይለን ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጥፍርም አይቀበልም። ተራው ፕላስቲክ ያብለጨልጫል፤ ትንሽ ሲታጠፍ የታጠፈበት ቦታ ይነጣል፣ በመጀመሪያ የሚሰነጠቀውም የመቆንጠጫው ብሎን በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ነው።

ማይካርታ እዚህ ገበያ ብዙም አይታይም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ግን የሚታዘዝ ነገር ነው። የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ በፊኖል ሙጫ ተነክሮ የተጋገረ ነው። ከጂ-10 ይልቅ ለእጅ ይሞቃል፣ ሲረጥብ ይበልጥ ይይዛል። ዘይትና ደም ትንሽ ስለሚጠጣ ይጠቁራል፤ የሚጠቁረው መልኩ ነው እንጂ ጥንካሬው አይቀንስም።

አሉሚኒየም ሲያዩት ያምራል፤ ጠንካራም ነው። ለድሬ ግን አንመክረውም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ የአሉሚኒየም እጀታ በባዶ እጅ አይነካም፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ በአንዴ ለእጅ ያስረክባል። የፍየል ሞራ ከነካው ያሟልጫል። ብሎኑ ከልክ በላይ ከተጠበቀም የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል። ሙሉ የብረት እጀታ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ኪስ ያወርዳል። ቲታኒየምና ካርበን ፋይበር ጥሩ ናቸው፤ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የእኛን ምክር አይጠብቅም።

እንጨት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወደውም ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። እንጨት ሸክሙን ካልተሸከመ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው በክ 110 የተባለው የአሜሪካ ታጣፊ ሰንጢ ለዚህ ማስረጃ ነው፦ አካሉ ከነሐስ ነው፣ እንጨቱ መሃል ላይ የተሰካ ልባጥ ብቻ ነው። 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ለኪስ ከባድ ነው፣ ግን እንጨቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ሰንጢው መሥራቱን አያቆምም። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ተቃራኒው ነው። እጀታው አንድ ወጥ የዛፍ ቁራጭ ነው፣ ላሜራ የለውም፣ ስለቱ የሚታጠፍበት ስንጥቅ በቀጥታ እንጨቱ ውስጥ ተቆርጧል። ውሃ ሲነካው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልከፈትም ይላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይላላል። ለፍራፍሬና ለዳቦ ግሩም ነው። ለከባድ ሥራ አይደለም።

የአየሩም ነገር አለ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ድሬ 1,200 ገደማ፣ ሙቀቱና ድርቀቱ አይገናኝም። ሐረር በክረምት የተገጠመ የእንጨት እጀታ ድሬ ሲወርድ ይኮማተራል። የመጀመሪያው ምልክት ልባጡን ከላሜራው ጋር የሚያስረው ስፒና ራስ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር እኩል የነበረው ጥቂት ብቅ ይልና ጥፍር ይይዛል። ቀጥሎ ከስፒናው ተነስቶ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይመጣል። እጀታ ለማሠራት ከፈለጋችሁ ወይራ ምረጡ፣ ግን የደረቀ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ጥላ ውስጥ የቆየ። የእያንዳንዱ ልባጥ ውፍረት ከ5 ሚሊሜትር አይነስ። ባለሙያው በትራፓኖ ሲበሳ የፑንታው (የመብሻው ጫፍ) ስፋት ከስፒናው በ0.2 ሚሊሜትር ያህል ይብለጥ፤ እንጨት መኮማተሩ ስለማይቀር ጠብቆ የገባ ስፒና ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ሦስት ጊዜ ድገሙት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ አብዛኛው አይደርቅም፣ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት፤ ሲደርቅ ራሱ ይግላል፣ በዚህ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት።

አጥንትና ቀንድ ለጌጥ ያምራሉ። አጥንት ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ቀንድ በድርቀት ይጣመማል፤ ለሥራ ሰው አይሆኑም።

ጎማ የለበሰው ሱቅ ውስጥ ሁሉንም ያታልላል፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን እንደሱ የሚመች የለም። ሙቀት፣ ላብና ዘይት ሲፈራረቁበት ያ ለስላሳ ልባስ ይፈርስና እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል፣ አቧራ ይለብሳል። በአልኮል ሲጠረግ ለጊዜው ይለቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። መድኃኒት የለውም።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ዘርግታችሁ ቆልፉት፣ እጀታውን ጨብጡና በሌላው እጅ ስለቱን በጀርባው በኩል ይዛችሁ ግራና ቀኝ አነቃንቁት፤ ቋ ቋ ካለ እለፉ። ልባጡና ላሜራው የሚገናኙበትን መስመር በጥፍር ሂዱበት፤ ጥፍር ከገባ የፍየል ደምም ይገባል። አራቱ ጣቶች ሳይወጡ ማረፍ አለባቸው፤ ለዚህ እጀታው ቢያንስ 11 ሳንቲሜትር ይርዘም፣ ውፍረቱ ከ12 ሚሊሜትር አይነስ። ቀጭን እጀታ ኪስ ውስጥ ይመቻል፣ ገመድ ሲቆረጥ ግን መዳፍ ይሰነጥቃል። ከሪቬት ይልቅ ብሎን ያለውን ምረጡ፤ የተሰበረ ልባጥ መቀየር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ዋናው ጣጣ የብሎን መላላት ነው። ብዙዎቹ ባለኮከብ ራስ ናቸው፤ አካሉ ላይ ቲ6፣ ማጠፊያው ላይ ቲ8 የተለመደ ነው፣ የቲ6 ካቻቢቴ ስልክ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። ብሎኑን አውጡ፣ ዘይቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ በጣም ትንሽ ጠብታ ጥርሱ ላይ አድርጉና መልሱ። ቀዩን አትግዙ፤ ካላጋሉት አይፈታም። ብሎኑ ተራ ፕላስቲክን የሚነካ ከሆነ ግን ሰማያዊውም ይቅር፤ ፈሳሹ ፕላስቲኩን ከውስጥ ያሰነጥቀዋል። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ግራሶ ከተቀባ የድሬ አቧራ ከሱ ጋር ተለውሶ በማጠፊያው ውስጥ ያለውን ሮንዴላ ይሞርደዋል።