የመብረቅ ሴንሰሯ ለቀን ናት
ካሜራው አናት ላይ፣ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ የምትገባ ትንሽ ሴንሰር ናት። ብልጭ ሲል ራሷ ፎቶውን ታነሳለች። አንድ መብረቅ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ስለሚመታ፣ የመጀመሪያው ቢያመልጣት ተከታዩን ትይዛለች። በሐምሌ ከሰዓት፣ እንጦጦ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ በጣት ተጭኖ መብረቅን መቅደም የማይታሰብ ነው። እሷ ግን ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን ሳይቀር ለቀም አደረገችልኝ። በጣም ወድጃታለሁ!

ቅር ያለኝ፣ ሴንሲቲቪቲዋ (ለብርሃን ያላት ንቃት) ከፍ ሲል የመኪና መብራትም ያታልላታል።

ለማታ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ)፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ንቃት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ሻተሩን (የካሜራውን መጋረጃ) 20 ሰከንድ ያህል ክፍት መተው ይበቃል፤ በዚያ መሃል የሚበርቀው ራሱ ፎቶው ላይ ይቀራል። ፎከሱን በማንዋል ሩቅ መብራት ላይ አስተካክሉ። ደግሞ አደራ፣ በረንዳ ላይ እንዳትወጡ። እኔ የማነሳው ከቤት ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ ነው።