በአሮጌ ጂፕ ቼሮኪ ላይ ሄደር፤ በረዶና ጨው ካየ በኋላ

ጉልበት ፈልጋችሁ ሄደር ልትገዙ ከሆነ፣ ቢያንስ በዚህ መኪና ላይ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ልትቀይሩ ከሆነ ግን የምለው አለኝ። ማኒፎልድ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ታችኛው ቧንቧ የሚያደርሰው የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ሄደር ደግሞ በእሱ ምትክ የሚገጠም የቱቦ ስብስብ።

መኪናዬ የ1998 ጂፕ ቼሮኪ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። የምነዳው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራ መሄጃዬም፣ ቅዳሜ ተራራ መውጫዬም እሱ ነው። ሞተሩ 4.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ። ቼሮኪ ውስጥ የገባው በ1987 ሞዴል ነው። በ1991 ተሻሽሎ 190 የፈረስ ጉልበት ሆነ። ራንግለር በሚባለው ሌላው ጂፕ ላይ ደግሞ እስከ 2006 ዘልቋል። ዘይቱን በሰዓቱ ለቀየረለት ሰው የማይሞት ሞተር ነው ይባላል፤ እኔም አልክድም። ድክመቱ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለው ማኒፎልድ ነው። ከ1991 እስከ 1999 የመጡት የጭስ ማኒፎልዶች ከቱቦ ተበይደው የተሠሩ ናቸው። ብየዳው ላይ፣ በተለይ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት አካባቢ፣ ይሰነጠቃሉ። የኔም የተሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

ምልክቱን ያየ አይረሳውም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ትንሽ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ብረቱ ሲግል ተለጥጦ ስንጥቁን ይዘጋዋላ። ብዙ ሰው የባልቦላ ድምፅ መስሎት ይደነግጣል። ሞተር ይፈታ የሚል ጋራዥም አይጠፋም።

ድምፁን ችሎ መንዳት ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከኮፈኑ ሥር የሚያመልጠው ጭስ በመኪናው የንፋስ ማስገቢያ በኩል ወደ ተቀመጥንበት ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። የነዳጁም ነገር አለ። ጭስ ከሞተር የሚወጣው በምት በምት ነው። በሁለት ምት መሀል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ስንጥቁ ከውጭ አየር ይስባል። ያ አየር የኦክስጅን ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። እኔ ስካነር ስሰካ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከመደበኛው በላይ የሚጨምረው ቤንዚን፣ ከ10 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ያ ሁሉ የከንቱ ቤንዚን ነው።

እንግዲህ ምርጫው። ረጃጅም ቱቦ ያላቸውን ሄደሮች መጀመሪያውኑ ነው የተውኳቸው። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ጭስ ለብቻው ረጅም መንገድ ሄዶ ነው የሚገናኘው፣ አንዱ ምት ሲያልፍ ጥሎት የሚሄደው ዝቅተኛ ግፊት የሚቀጥለውን ስቦ ያወጣዋል። ይህ ከፍ ባለ ዙር ለሚሠራ ሞተር ይጠቅማል። የ4.0 ጉልበት ግን ዝቅ ባለ ዙር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ረጅሙ ሄደር ካታሊቲኩን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ፣ ከቦታው ሊያፈናቅለው ይችላል፤ ካታሊቲክ ማንሳት እዚህ አገር በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ከሆነ ለአጭሩም ቢሆን ተጠንቀቁ። ከካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር የሌለው ሄደር ለስሞግ (የጭስ ብክለት) ምርመራ ስትቀርቡ ጣጣ ነው። እኔ የፈለግሁት በፋብሪካው ማኒፎልድ ቦታ ልክ የሚቀመጥ፣ የታችኛውን ቧንቧም ካታሊቲኩንም የማይነካ አጭር ሄደር ነበር።

ከብረቱ ጋር ትንሽ ታግያለሁ። ርካሾቹ ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ናቸው፤ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ዝገት ነው። የማይዝገው ስቲል ሁለት ዓይነት ይመጣል። 304 የሚባለው ያብረቀርቃል፣ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ ማግኔት እምብዛም አይይዘውም። 409 የሚባለው የመኪና ፋብሪካዎች ለጭስ ማውጫ በብዛት የሚጠቀሙበት ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል፣ ላዩ ላይ ቡናማ ዝገት ያወጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሰው ሁሉ 304 ይሻላል ይላችኋል። ዝገትን ብቻ ካየን ልክ ናቸው። ግን 304 ሲሞቅ ከ409 አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ማለት ፍላንጁ፣ ሞተሩ ላይ በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት፣ ረጅም ነው። ረጅም ብረት ሲለጠጥ ብዙ ነው የሚሄደው፤ እየሄደ እየመጣ ደግሞ ብየዳውን የሚሰነጥቀው ይኸው መለጠጥ ነው።

ስለዚህ 409 ገዛሁ። ቱቦዎቹ መሀል ላይ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ተለጣጭ ክፍል ያለው፣ ፍላንጁ ወፍራም። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ የሚመስል ዕቃ በተለያየ ካርቶን በተለያየ ስም ሲሸጥ ስላየሁ ስሙ ብዙ የሚያስረዳችሁ አይመስለኝም። ዕቃውን እዩት።

ምኑን? ሄደሩ እንደመጣ አሌክሳንድሪያ ላለ አንድ ሐበሻ መካኒክ ወስጄ አሳየሁት። እኔ የታጠፉትን ቱቦዎች እያደነቅሁ ነበር። ጋሼ ግን ገለበጡትና "ልጄ፣ ቧንቧውን ተወው፤ ፍላንጁን አሳየኝ" አሉኝ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አስቀመጡበትና ከሥሩ ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት የሚለካበትን ስስ ብረት፣ ሰደዱ። ጫፍ ላይ ገባ። ሲበየድ በሙቀቱ ጠምዝዞ ነበር። ለዚህ ዋጋ እንዲህ ዓይነት ነገር መኖር የለበትም፤ ከውጤቱ ላይ የምቀንስበት ትልቁ ነጥብ ይኸው ነው። መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስተካከሉልኝ፤ ሌላ ወጪ።

እዚህ ላይ ለ4.0 ባለቤት ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ሞተር ላይ አየር ማስገቢያውና ጭስ ማውጫው በቴስታታው አንድ ጎን ነው ያሉት። ጋስኬቱ አንድ ነው፣ ብሎኖቹም የጋራ ናቸው። አንድ ሮንዴላ በአንድ በኩል የማስገቢያውን ፍላንጅ፣ በሌላ በኩል የማውጫውን ፍላንጅ ይረግጣል። ሁለቱ ፍላንጆች እኩል ካልወፈሩ ሮንዴላው የሚረግጠው ወፍራሙን ብቻ ነው። ቀጭኑ ሳይጠብቅ ይቀራል። ሄደሩ ቀጭን ከሆነ ጭስ ያመልጣል፤ ማስገቢያው ቀጭን ከሆነ ደግሞ አየር ይሰርቅና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው "ጋስኬቱ አይረባም" እያለ ደጋግሞ የሚቀይረው ይህን ሳያይ ነው። ካሊፐር ያዙና ሁለቱንም ለኩ። የኔ ቶርኖ ቤት ከተስተካከለ በኋላ ከማስገቢያው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ልዩነት ያለው ሰው አንድ ጎናቸው ወፍራም፣ ሌላው ጎናቸው ቀጭን የሆኑ ሮንዴላዎች ማሠራት አለበት።

ገጠማው ጋራዥ ውስጥ አይደለም፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው የተሠራው፤ አንድ ጓደኛዬ ረድቶኛል። ዝርዝሩን ሁሉ አልተርክም። ባትሪውን መንቀል፣ የነዳጁን ግፊት በነዳጅ ሬሉ (ቤንዚኑን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ ባለው ቫልቭ ማስተንፈስ፣ ከዚያ ሬሉን ማንሳት። ይህን በቀዝቃዛ ሞተር ነው የምታደርጉት፤ መስመሩ ውስጥ 49 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ግፊት አለ፣ ቤንዚኑ ዓይን ውስጥ ይረጫል። የመሪው ፓምፕም መላቀቅ አለበት። ከታች ያሉት ብሎኖች አይታዩም፤ በእጅ ዳሰሳ ነው። እነሱን ሙሉ በሙሉ አታውጧቸው። የፍላንጁ የታች ቀዳዳዎች ወደ ታች ክፍት ስለሆኑ ግማሽ የገቡ ብሎኖች ላይ ሄደሩን ማንጠልጠል ይቻላል፤ ይቺ ብቻ የግማሽ ቀን ድካም ትቆጥባለች። ማጥበቁ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፍ ነው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች)፣ 24 ፓውንድ ጫማ ገደማ፣ ወደ 33 ኒውተን ሜትር። በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው እዚህ አይፈለግም።

ያስለቀሰን የታችኛው ቧንቧ ነው። ሄደሩን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኙት ዳዶዎች በዝገት ከብሎኑ ጋር አንድ ሆነው ነበር። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማታ ረጭታችሁ እደሩ፤ ካልሆነ መቁረጥ ነው። አዲስ ብሎንና ዳዶ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ በ22 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈታል።

ከሄደሩ እኩል ገንዘብ የሚገባው ሌላ ዕቃ አለ፤ ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ ሱፖርት። ማኒፎልዱ የተሰነጠቀው ዝም ብሎ አይደለም። ሱፖርቱ ሲያረጅ ሞተሩ ቤንዚን በረገጡ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ጭስ ማውጫው ግን ከታች ተይዟል። መሀል ላይ የሚጎበጠው ማኒፎልዱ ነው። የኔዎቹ ጎማቸው ተቀድዶ ነበር። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ የካምቢዮውንም ጭምር። ይህን ሳያደርግ አዲስ ሄደር የሚገጥም ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይገዛል።

መጀመሪያ ሲነሳ ጭሷል፤ የፋብሪካ ዘይት ነው፣ ይቃጠልና ይጠፋል። ከጥቂት ሙቀትና ብርድ በኋላ ብሎኖቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በድጋሚ አጠበቅሁ። ከኋላ ያሉት በእርግጥም ላልተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልላሉም።

አሁን በረዶውም ሙቀቱም አልፎበታል። ጠዋት ላይ ያለው ጠቅታ ጠፍቷል፤ ብርዱ ጠንክሮ በነበረበት ጊዜም አልተመለሰም። የነዳጅ ማስተካከያው ወደ ዜሮ ተጠግቷል፣ ቤንዚንም እንደ ድሮው ነው የሚበላው። መልኩ ግን ቆንጆ አይደለም። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቱቦዎቹን ቡናማ አድርጓቸዋል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አይቼዋለሁ፤ ላይ ላዩን ነው፣ ወደ ውስጥ አልበላም። ተለጣጩ ክፍል ላይ ስንጥቅም ጥላሸትም የለም። ፎቶ ለማንሳት ኮፈን የምትከፍቱ ሰዎች ከሆናችሁ 304 ግዙ። ሙቀት ለመቀነስ ጨርቅ መጠቅለል የሚወዱም አሉ፤ እኔ አልነካውም። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱን ያፋጥናል፣ ዋስትናውንም የሚሰርዙ አምራቾች አሉ።

የቨርጂኒያ ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ላይ ጭስ የሚያፈስ ማውጫ ያስጥላል። ያለ ወሬ አለፈ።

ጉልበቱስ? ሞተሩ ለስለስ ብሏል፣ ከቆመበት ሲነሳም ንቁ ነው። ይህ ግን አዲስ ጉልበት አይደለም፤ በስንጥቁና በተሳሳተው ቤንዚን የጠፋው ነው የተመለሰው። የፋብሪካው ማኒፎልድም ራሱ ቱቦ እንጂ ድፍን ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት ስላልነበረ ለሄደር የተረፈ ብዙ ነገር አልነበረም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አትመኑ። ድምፁም ቢሆን ከማርሚታው በስተኋላ ምንም አልተለወጠም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ይኖራል፣ እኔና ጎረቤቶቼ ግን ደስ ብሎናል።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ ለኮሮላ ዲኤክሱ አንድ ላክልኝ ብሎኛል። እንጦጦ ሲወጣ ይደክማል አለ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ይህን የሚመልስ ሄደር የለም። የእሱ ማኒፎልድ ደግሞ ካስት ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ ከኔ ሄደር ዕድሜው ይረዝማል። የላክሁለት ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ነው። ሄደሩን አሁንም ይጠይቀኛል።