በ300 ተከታይ ኮርስ መክፈት፦ ቀርጾ መሸጥ ወይስ በቀጥታ ማስተማር?

የቴሌግራም ቻናልዎ 300 ተከታይ ብቻ ካለው፣ ኮርሱን ቀርጾ መጀመር አደገኛው መንገድ ነው። 20 ቪዲዮ ቀርጸው ሲጨርሱ ገዢው 4 ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍም ገና አላዩም።

በቀጥታ ሲያስተምሩ ግን መጀመሪያ ይሸጣሉ። የአራት ሳምንቱን ትምህርት በአንድ ገጽ ይዘርዝሩ፣ ክፍያውን በቴሌብር አስቀድመው ይቀበሉ፣ 8 ሰው ካልሞላ ገንዘቡን ይመልሱ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቋረጥ ትምህርቱን በዚያው ልክ ይቁረጡት። መብራት ወይም ኔትወርክ መጥፋቱ አይቀርምና እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ቀርጸው በዝግ የቴሌግራም ቻናል ይጫኑ፤ ያለ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት የቴሌግራም አገልግሎት) አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ የለበትም።

ቀረጻ የሚያሸንፈው ተማሪዎቹ ውጭ አገር ሲሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ሥራ ላይ ነው።