ለእትዬ መምህር ምስጋና፣ አሜሪካ ሕክምና ለመማር ለሚያመለክቱ ልጆቻችን ጥቆማ

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሎታል። ደብዳቤው የደረሰው ጥር ላይ ነው። እስካሁን ዝም ያልኩት ቦታውን ማስያዣ ክፍያው እስኪያልቅ ብዬ ነው። አሁን አለቀ። ስለዚህ ማመስገን ያለብኝን ሰው በአደባባይ ላመስግን።

ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ አልጽፍም። እኛ ቤት እትዬ መምህር ነው የምንላቸው። የመንዝ ልጅ ናቸው። አሜሪካ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለሕክምና የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ለብዙ ዓመት ሲያማክሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ደብረ ብርሃን ገቡ። አሁን እዚሁ ቤታቸው ሆነው፣ የመጣውን በአካል፣ ያልመጣውን በቴሌግራም፣ ያንኑ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ወንድሜ በዲቪ የሄደው አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ነው። ቀን ትምህርት፣ ሌሊት ሥራ። በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራ በባዮሎጂ ተመረቀ። ጂፒኤው 3.28 ነበር። መጥፎ የሚባል አይደለም። ግን እዚያ ኤምዲ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሏቸው ልጆች አማካይ ወደ 3.8 ይጠጋል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ደግሞ ለብቻቸው ይሰላሉ፤ የእሱ 3.05 ነበር። ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ወስዶ 501 አመጣ። የፈተናው ውጤት ከ472 ተነስቶ እስከ 528 ይሄዳል።

መጀመሪያ ሲያመለክት ኢንተርኔት ላይ ያገኘው አንድ አማካሪ ድርጅት 3,500 ዶላር ተቀበለው። የስንት ሌሊት ድካም ነው! ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ጽሑፉን አሳምረው ሰጡት፣ ማመልከቻው መስከረም ላይ ተላከ። ለ22 ትምህርት ቤቶች። አንድም ለቃለ መጠይቅ የጠራው የለም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እማዬን ስትሮክ መታት። ወንድሜ ሥራውን ጥሎ መጣ። ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የእድራችን ሰዎች ሊጠይቋት መጡ፤ እትዬ መምህርም አብረው ነበሩ። ሲገቡ ወንድሜ እማዬን እያገላበጣት ነበር። እሷን ሳያነሳ አንሶላውን ከሥሯ ሲቀይር፣ ተረከዟ እንዳይቆስል ትራስ ሲደግፍላት፣ ቆመው አዩት።

«ይሄን የት ተማርከው?» አሉት።

አቀረቀረ። «ሥራ ቦታ» አለ።

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራው ነርሲንግ ሆም ነው። አረጋውያን ሲያጥብ፣ ዳይፐር ሲቀይር፣ ሲያጎርስ ያድር ነበር። ለእኛ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ነበር የሚለን። ማመልከቻው ላይም ከሁሉም ግርጌ፣ በአንድ መስመር ብቻ ነበር የጠቀሰው። አፍሮበት ነው። አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ሥራ እኛ ዘንድ በምን ዓይን እንደሚታይ አውቃለሁ።

ሐምሌ ላይ ቤታቸው ጠሩት፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ከሰል ከበን ተቀመጥን። ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡትና፣ «ልጄ፣ ይሄ የራፖር ጸሐፊ ሥራ ነው። ስሙን ቀይረህ ለማንም ብትሰጠው ይሆነዋል» አሉት። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ ይጀምራል። ያ ሁሉ ሌሊት ግን የለበትም። ያጎረሳቸው ሽማግሌዎችም የሉበትም።

እሱ በዚያው ክረምት እንደገና ለማመልከት ቸኩሎ ነበር። «ዘንድሮ አይሆንም፣ አንድ ዓመት ትቆያለህ» አሉት። ፊቱ ጥቁር አለ። እኔም ቅር ብሎኝ፣ 26 ዓመት ሞልቶታል እኮ ብዬ ተከራከርኳቸው። ወረቀት አምጥተው እዚያው አሰሉልን። የተማረው 128 ክሬዲት ነው። በዚያ ላይ 28 ክሬዲት ሳይንስ ጨምሮ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ፣ ጠቅላላ ጂፒኤው የሚደርሰው 3.41 ነው። የሳይንሱ ወደ 3.35 ይወጣል።

«ታዲያ ለዚህች ብሎ ዓመት ይቃጠል?» አልኳቸው።

«ለቁጥሯ አይደለም» አሉኝ። «ትራንስክሪፕቱን የሚያነበው ሰው ልጁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ያያል። ያኔ ሌሊት እየሠራ ሲ አመጣ። አሁን ከበድ ያለውን ኮርስ ወስዶ ኤ ካመጣ፣ ችግሩ ጭንቅላቱ እንዳልነበረ ይገባዋል።»

ሲ ያመጣባቸውን ኮርሶች መድገም ፈልጎ ነበር፤ ከለከሉት። በአሜሪካው የጋራ ማመልከቻ አሮጌው ውጤት አይሰረዝም፣ ሁለቱም ይቆጠራሉ። በዚያ ፋንታ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ እንዲህ ያሉትን መረጡለት። ይህን እኛ ከየት እናውቀዋለን?

ኤምካቱ አራት ክፍል አለው። የእያንዳንዱ ውጤት ከ118 ተነስቶ እስከ 132 ይሄዳል። ወንድሜን የጣለው የንባቡ ነው፤ ያመጣው 121 ነበር። ዘጠኝ ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። እዚያ ላይ በቃል የሚያዝ ነገር አይረዳም፤ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ መያዝ ነው። እትዬ መምህር ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ እያስመጡት አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስነብቡት ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ይቀበሉትና፣ «ሰውዬው ምን አለ? በአንድ አረፍተ ነገር፣ በአማርኛ ንገረኝ» ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መመለስ አቃተው። የሚያነበው ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አልነበረም። ነሐሴ ላይ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሲፈተን የንባቡ 126 ሆነ፣ ጠቅላላው 511።

እዚያ እንደደረሰ የአክስታችን ልጅ ቤት ገባ፤ ሥራውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ አደረገው። ገንዘቡ አጠረው፣ ግን 28ቱንም ክሬዲት በኤ ጨረሰ።

ማመልከቻው ላይ እስከ 15 የሚደርስ የሥራና የአገልግሎት ልምድ ይዘረዘራል፤ ከእነሱ ሦስቱን በሰፊው ማብራራት ይቻላል። ግርጌ የነበረው ነርሲንግ ሆም የመጀመሪያው ሆነ። የድጋፍ ደብዳቤውንም ቀየሩት። በፊት የጻፈለት ትልቅ ስም ያለው ፕሮፌሰር ነበር፤ ግን 300 ተማሪ ካለበት ክፍል መልኩን እንኳ አያውቀውም። አሁን የጻፉለት አጠገቡ ቁጭ ብሎ የተማረባቸው የፊዚዮሎጂ መምህሩና የነርሲንግ ሆሙ አለቃው ናቸው። ስለ ጂፒኤው ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ እንዲጽፍ ነገሩት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራ እንደነበር፣ ከዚያ ምን እንደቀየረ። አቤቱታ እንዳይመስል።

አንድ ነገር ግን አላደረጉም፤ አንድም አረፍተ ነገር አልጻፉለትም። የግል መግለጫው ከ5,300 ፊደል አይበልጥም፣ ባዶ ቦታውም ተቆጥሮ። ወንድሜ 11 ጊዜ ጻፈው። እሳቸው ይጠይቁታል፣ እሱ ይጽፋል። «ሽማግሌው አልበላም ሲሉህ ምን አደረግክ?» «እናትህ መናገር ሲያቅታት በምን ተግባባችሁ?» እኔ ራሴ ስለ ወንድሜ የማላውቀውን ብዙ ነገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ጊዜው ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚያየው በመጣበት ተራ ነው፤ ቃለ መጠይቁም ቦታውም እየተሰጠ ይሄዳል። መስከረም ላይ የላከ ብዙው ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሁለተኛውን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ መላክ እንደተፈቀደ ላከ። ኤምዲ ከሚሰጡት አንዱ፣ ዲኦ ከሚሰጡት ሁለቱ ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። የተቀበለው ከዲኦዎቹ አንዱ ነው። ዲኦ ምንድን ነው ለምትሉ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ኤምዲ ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል።

እዚሁ አገር ለተመረቃችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤታቸው ተቀምጬ ያየሁት ነው። አንድ የባዮሎጂ ምሩቅ ልጅ ከእዚሁ በቀጥታ ላመልክት ብሎ ገንዘብ ይዞ መጣ። አልተቀበሉትም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች እዚያው የተማሩት ኮርስ ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ይህን አስረድተው፣ ሻይ አጠጥተው፣ ገንዘቡን እንደያዘ ሸኙት። ስንቱ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር!

የመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለውም። ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ያዩላችኋል። ከዚያ በኋላ በሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ የከፈልነው ተደምሮ ለዚያ ድርጅት ከተከፈለው አንድ አምስተኛ አልሞላም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ ቴሌግራም ላይ ጻፉላቸው፣ ማታ ይመልሳሉ። በፍልሰታ መንዝ ስለሚወርዱ አይገኙም። ደግሞ አይደባብሱም። ልጃችሁ እውነቱን ሲሰማ የሚከፋው ከሆነ አስቀድማችሁ አዘጋጁት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል።

እትዬ መምህር፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። እማዬ ግራ እጇ ገና አልታዘዝ ስላላት መፍተል አልቻለችም። ለእርስዎ ያሰብነውን ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብሱን፣ መሐል ሜዳ ያለችው አክስታችን እያሠራች ነው። ለፋሲካ ይደርሳል። እባክዎ አልቀበልም እንዳይሉን።